ቆሽት ከቤተ ሙከራ፦ የስኳር ሕመምተኞች ተስፋ የት ደርሷል?



የዚህን ወር ርዕሳችንን የመረጠችልን አንዲት እናት ናት። ወደ ዝግጅት ክፍላችን የመጣችው የዘጠኝ ዓመት ልጇን በእጇ ይዛ ነበር። ልጁ ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ የስኳር ሕመምተኛ ነው። በየቀኑ ኢንሱሊን ይወጋል። ቤታቸው ማቀዝቀዣ ስለሌለ እናቱ መድኃኒቱን የምታስቀምጠው በእርጥብ አሸዋ በተከበበ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ባሕር ማዶ የሚኖር ዘመዳቸው ስልክ ይደውላል። «ፈረንጆች ቆሽት በላቦራቶሪ መሥራት ጀምረዋል፤ ስቴም ሴል ይሉታል፤ አንዴ ከተሰጠው መርፌ ብሎ ነገር የለም። ገንዘብ አሰባስቡ» ይላቸዋል። ቤቱ በደስታ ተሞላ። ወሬው ወደ ጎረቤት ሲደርስ ግን ሌላ መልክ ያዘ። «ይኼ ነገር ከተወረደ ፅንስ የሚቀዳ ነው፤ ሐራም ነው፤ እንዳትነኪው» የሚሉ መጡ። እናት በሁለቱ መካከል ተቀምጣ ሳለ አንድ ቀን ጧት ልጇ ክንዱን ወደ ኋላው ደበቀ። «እማዬ፣ አዲሱ ቆሽት ሊመጣልኝ አይደል? ዛሬ መርፌው ይቅርብኝ» አላት። የእናት አንጀቷ አልችል አለና ያን ዕለት ተወችው። በማግስቱም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ ልጁ ያስመልሰው፣ ትንፋሹ ይፈጥን ጀመር፤ ሌሊቱን ሆስፒታል ገባ። አልሐምዱሊላህ፣ ተረፈ።

ይህች እህታችን ሁለት ጥያቄ ይዛ መጣች። «እውነት ነው ወይ? እውነት ከሆነስ ሐላል ነው ወይ?» የሚሉ ናቸው። እኛም ሁለቱን ጥያቄዎች ለመመለስ፣ እርሷ ያልጠየቀችውን ሦስተኛ ጥያቄም ለማከል ወደድን። እርሱም «እስከዚያው ምን እናድርግ?» የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እንገልጻለን።

ቆሽት ምንድን ነው?

በአማርኛችን ሰው ክፉኛ ሲናደድ «ቆሽቴ አረረ» ይላል። ቃሉን ሁላችንም እንጠቀምበታለን፤ ቆሽት የት እንዳለና ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ቆሽት ከጨጓራ በስተኋላ አግድም የተጋደመ፣ ርዝመቱ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱም 100 ግራም ገደማ የሆነ የሰውነት ክፍል ነው። ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ምግብን የሚያልም ፈሳሽ እያመነጨ ወደ ትንሹ አንጀት መላክ ነው። ሁለተኛው በደም ውስጥ ያለውን ስኳር የሚቆጣጠሩ ሆርሞኖችን በቀጥታ ወደ ደም መልቀቅ ነው።

ይህን ሁለተኛ ሥራ የሚሠሩትን ሕዋሳት መጀመሪያ ያያቸው ፓውል ላንገርሃንስ የተባለ ጀርመናዊ የሕክምና ተማሪ ነው። በ1869 ቆሽትን በአጉሊ መነጽር ሲመረምር፣ በባሕር ላይ እንደተበተኑ ደሴቶች እዚህም እዚያም ተሰብስበው የሚታዩ ልዩ ሕዋሳት አገኘ። እስከ ዛሬም «የላንገርሃንስ ደሴቶች» ይባላሉ። በአንድ ጤነኛ ቆሽት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ደሴቶች ይገኛሉ። ሁሉም ተደምረው ግን ከመላው ቆሽት ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ብቻ ናቸው። በነዚህ ደሴቶች ውስጥ የሚኖሩት «ቤታ» የተባሉ ሕዋሳት የደምን ስኳር ያለማቋረጥ እየለኩ የሚያስፈልገውን ያህል ኢንሱሊን ይለቃሉ። ኢንሱሊን እንደ ቁልፍ ነው። የሰውነት ሕዋሳትን በር ከፍቶ ስኳር እንዲገባና ጉልበት እንዲሆን ያደርጋል።

የስኳር በሽታ በዋነኛነት ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው ዓይነት የሰውነት መከላከያ ኃይል ተሳስቶ የገዛ ራሱን ቤታ ሕዋሳት ያጠፋል። ዘበኛው የሚጠብቀውን ቤት ራሱ እንደሚያቃጥል ማለት ነው። ይህ በአብዛኛው በልጆችና በወጣቶች ላይ ይጀምራል፤ የእህታችን ልጅም የያዘው ይኸው ነው። በሁለተኛው ዓይነት ደግሞ ኢንሱሊን ቢኖርም ሰውነት በሚገባ አይታዘዘውም፤ ውሎ አድሮም ቆሽት ይደክማል። ከመቶ ሕመምተኞች ከ90 በላይ የሚሆኑት ሁለተኛው ዓይነት ያለባቸው ናቸው። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን በ2024 በዓለም ላይ 589 ሚሊዮን አዋቂዎች ከዚህ በሽታ ጋር እንደሚኖሩ ገምቷል።

ኢንሱሊን እንዴት ተገኘ?

በ1889 ሚንኮቭስኪና ፎን መሪንግ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ስትራስቡርግ ከተማ ውስጥ የአንድን ውሻ ቆሽት አወጡ። ውሻው በስኳር በሽታ ታመመ። በዚህም የበሽታው ምንጭ ቆሽት መሆኑ ታወቀ። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ እስኪገኝ ከ30 ዓመት በላይ ፈጅቷል። በዚያ ዘመን አንደኛው ዓይነት የያዘው ልጅ ዕድሜው አጭር ነበር። ሐኪሞች ሊያደርጉለት የሚችሉት ምግብ ነሥተው ቀኑን ጥቂት ማራዘም ብቻ ነበር።

በ1921 በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ፍሬድሪክ ባንቲንግ የተባለ ወጣት ሐኪምና ቻርልስ ቤስት የተባለ የ22 ዓመት ተማሪ በፕሮፌሰር ማክላውድ ቤተ ሙከራ ሥራ ጀመሩ። ከውሾች ቆሽት የሚያስፈልገውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። ጄምስ ኮሊፕ የተባለው ባልደረባቸው ደግሞ ንጥረ ነገሩን አጣራው። ጃንዋሪ 11 ቀን 1922 አንድ የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋ። ብዙም አልጠቀመውም። መድኃኒቱ ከተጣራ በኋላ ጃንዋሪ 23 ቀን እንደገና ሲወጋ ግን ስኳሩ ወረደ፤ ልጁም አገገመ። ተመራማሪዎቹ የባለቤትነት መብታቸውን ለዩኒቨርሲቲው የሸጡት በአንድ በአንድ ዶላር ነበር።

እዚህ ላይ ለሙስሊም ቤተሰብ ልዩ ትርጉም ያለው አንድ ጉዳይ አለ። ከዚያ በኋላ ለ60 ዓመታት ያህል ኢንሱሊን ይዘጋጅ የነበረው ከታረዱ ከብቶችና ከአሳማ ቆሽት ነበር። አማራጭ ላጣ ሕመምተኛ ብዙ ዑለማእ በ«ዶሩራ»፣ ማለትም ሕይወትን ለማዳን በሚገድድ ሁኔታ መሠረት ፈቅደውታል። የሆነ ሆኖ የብዙ አማኝ ልብ እየተጨነቀ ነበር የሚወጋው። በ1978 ተመራማሪዎች የሰውን ኢንሱሊን የሚያሠራውን ዘረ መል ወደ ባክቴሪያ አስገብተው ባክቴሪያው ኢንሱሊን እንዲሠራ አደረጉ። በ1982 ይኸው ለገበያ ቀረበ። በዚህም ጭንቀቱ ከሥሩ ተነቀለ። ይህን ታሪክ አንባብያን በልባቸው ይያዙልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ኢንሱሊን ሕይወትን ያቆያል እንጂ በሽታውን አይነቅልም። መጠኑ ሲያንስ ስኳር ከፍ ይላል፤ ይህ ለዓመታት ሲቀጥል ዓይንን፣ ኩላሊትንና እግርን ይጎዳል። መጠኑ ሲበዛ ደግሞ ስኳር ከልክ በታች ወርዶ ሰው ራሱን ይስታል። የቤታ ሕዋስ በአላህ ፈቃድ ሳይታክት የሚሠራውን ሥራ እናትና ልጅ በመርፌ ሊተኩት በየቀኑ ይታገላሉ። ስለዚህ ተመራማሪዎች «የጠፋውን ሕዋስ ራሱን ብንመልስስ?» ብለው ተነሱ።

ከሟች ቆሽት የተገኘ ትምህርት

በ2000 በካናዳ ኤድመንተን ከተማ በዶክተር ጄምስ ሻፒሮ የሚመራ ቡድን ከሞቱ ለጋሾች ቆሽት ደሴቶቹን ለይቶ አወጣ። ከዚያም ወደ ጉበት በሚገባው ትልቅ የደም ሥር በኩል ለሰባት ሕመምተኞች ሰጠ። ደሴቶቹ ጉበት ውስጥ ተቀምጠው ኢንሱሊን ማመንጨት ጀመሩ፤ ሰባቱም ከመርፌ ተላቀቁ። የዓለም ጋዜጦች ሁሉ አወሩት።

ነገር ግን ሁለት እንቅፋት ነበረ። አንደኛ፣ ለአንድ ሕመምተኛ ብዙውን ጊዜ የሁለትና ከዚያ በላይ ሟቾች ቆሽት ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ሰውነት ባዕድ ሕዋስን ስለሚዋጋ፣ ሕመምተኛው የመከላከያ ኃይልን የሚያዳክም መድኃኒት ዘወትር መውሰድ አለበት። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲታይም ያለ መርፌ የቀሩት ከመቶ አሥር ያህል ብቻ ሆነው ተገኙ። ሆኖም አንድ ትልቅ ነገር ተረጋግጧል፤ ሕዋሱ ከተገኘ ሥራውን ይሠራል። ጥያቄው ያን ያህል ብዙ ሕዋስ ከየት ይምጣ የሚል ሆነ።

ግንድ ሕዋስና የማሕፀን ምሥጢር

ሁላችንም የተፈጠርነው ከአንዲት ሕዋስ ነው። ያቺ ሕዋስ እየተከፈለች ዓይን፣ አጥንት፣ ልብ፣ ቆሽት ሆነች። ወደ ተለያየ የሰውነት ክፍል ሊለወጡ የሚችሉትን እነዚህን የመነሻ ሕዋሳት ፈረንጆች «ስቴም ሴል» ይሏቸዋል፤ እኛ «ግንድ ሕዋስ» ልንላቸው እንችላለን። ቅርንጫፉ፣ ቅጠሉና ፍሬው ከግንዱ እንደሚወጣ ማለት ነው።

የሚያስደንቀው ነገር በየሕዋሳችን ውስጥ ያለው የዘር መመሪያ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። አንድ ወፍራም መጽሐፍ ለሁሉም ታድሎ፣ የዓይን ሕዋስ አንዱን ምዕራፍ፣ የቆሽት ሕዋስ ሌላውን ምዕራፍ እንደሚያነቡ ቁጠሩት። ታዲያ ሕዋሱ የትኛውን ምዕራፍ ማንበብ እንዳለበት ማን ይነግረዋል?

በእርግዝና ሦስተኛው ሳምንት ፅንሱ ሦስት ንጣፍ ይኖረዋል። ከውስጠኛው ንጣፍ የአንጀት ቧንቧ ይሠራል። በአራተኛውና በአምስተኛው ሳምንት ገደማ ከዚህ ቧንቧ ላይ እንደ ቡቃያ ያሉ ሁለት እብጠቶች ብቅ ይላሉ፤ አንዱ ከፊት፣ ሌላው ከኋላ። ኋላም የፊተኛው ዞሮ ከኋለኛው ጋር ይጋጠምና አንድ ቆሽት ይሆናል። ሕዋሳቱ መንገዳቸውን የሚያውቁት ከጎረቤቶቻቸው በሚደርሳቸው መልእክት ነው። ለምሳሌ በልብ አጠገብ ያሉት የልብን መልእክት ሲሰሙ ጉበት ይሆናሉ፤ ያ መልእክት ያልደረሳቸው ቆሽት ወደ መሆን ያዘነብላሉ። ሰው በጎረቤቱ እንደሚታነጽ ሁሉ ሕዋስም እንዲሁ ነው። ሱብሓነላህ!

ከመመሪያው ምዕራፎች መካከል «ፒ ዲ ኤክስ 1» የተባለው ዘረ መል ዋነኛው ነው። በ1994 ተመራማሪዎች ይህ ዘረ መል የሌላቸው አይጦች ያለ ቆሽት እንደሚወለዱ አሳዩ። በ1997 ደግሞ በዚሁ ዘረ መል ጉድለት ምክንያት ያለ ቆሽት የተወለደ ሕፃን ታወቀ። ቁልፉ የት እንዳለ በዚህ መንገድ አንድ በአንድ ተለየ።

ማሕፀንን የሚመስል ቤተ ሙከራ

በ1998 በአሜሪካ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ጄምስ ቶምሰን የሰውን ግንድ ሕዋስ ከፅንስ ለይቶ በቤተ ሙከራ ማሳደግ ቻለ። ከዚያ ወዲህ የተመራማሪዎች ሐሳብ ይህ ነበር። በማሕፀን ውስጥ ለሕዋሱ በየተራ የሚደርሱትን መልእክቶች በብልቃጥ ውስጥ በየተራ እንስጠው፤ መጀመሪያ የውስጠኛው ንጣፍ፣ ቀጥሎ የአንጀት ቧንቧ፣ ቀጥሎ የቆሽት ቡቃያ፣ በመጨረሻም ቤታ ሕዋስ እንዲሆን። በ2006 በካሊፎርኒያ የሚገኝ አንድ ቡድን በዚህ መንገድ ኢንሱሊን የሚሠሩ ሕዋሳት ማግኘቱን አሳወቀ። ሕዋሳቱ ግን ገና ያልጎለመሱ ስለነበሩ ስኳር ሲጨምርና ሲቀንስ ለይተው አይመልሱም ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ስሙ የሚነሣ አንድ አባት አለ። የሀርቫርድ ዩኒቨርሲቲው ዳግላስ ሜልተን ቀድሞ የእንቁራሪትን አፈጣጠር ያጠና ነበር። በ1991 የስድስት ወር ወንድ ልጁ አንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ እንዳለበት ተነገረው። የቀድሞ ጥናቱን ትቶ ወደ ቆሽት ዞረ። በኋላ ሴት ልጁም በ14 ዓመቷ በዚሁ በሽታ ተያዘች። በ2014 ቡድኑ ለስኳር መልስ የሚሰጡ ቤታ ሕዋሳትን በመቶ ሚሊዮኖች ማምረት የሚያስችል ባለ ስድስት ደረጃ ዘዴ አሳተመ። ዘዴው ከአንድ ወር በላይ ይፈጃል። ልጁ ከታመመ ከ23 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። የልጁን መርፌ በየዕለቱ የሚይዝ ወላጅ ይህ ትዕግሥት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

በ2021 ከዚህ ጥናት የተወለደው ሕክምና በቨርቴክስ ኩባንያ አማካይነት ለመጀመሪያው ሰው ተሰጠ። እንደ ኤድመንተኑ ሁሉ ወደ ጉበት በሚገባው የደም ሥር በኩል ነው። በ2025 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው 800 ሚሊዮን ሕዋሳት ያለውን ሙሉ መጠን በአንድ ጊዜ ከወሰዱት 12 ሕመምተኞች መካከል 10ሩ ከአንድ ዓመት በኋላ ኢንሱሊን መወጋት አቁመዋል። አሥራ ሁለቱም ራስ ከሚያስት የስኳር መውረድ ተገላግለዋል።

በቻይናም ሌላ መንገድ ተሞክሯል። የፔኪንግ ዩኒቨርሲቲው ዴንግ ሆንግኩዊና ባልደረቦቻቸው የአንዲት የ25 ዓመት ሕመምተኛ ወጣት የራሷን ሕዋሳት ወስደው ወደ ግንድ ሕዋስነት መለሷቸው። ከዚያም ደሴት አድርገው በ2023 በሆዷ ጡንቻ ሥፍራ ተከሉላት። ከ75 ቀን በኋላ መርፌ ማቆሟን በ2024 አሳተሙ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ «አዎን፣ እውነት ነው» የሚል ነው።

ወሬው ያልተናገረው

ባሕር ማዶ ያለው ዘመድ በስልክ ያልነገራቸው ግን ብዙ ነገር አለ። የተጠቀሰው የ2025 ውጤት የ12 ሰዎች ውጤት ነው። ሁሉም አዋቂዎች እንጂ ልጆች አልነበሩም። የተመረጡትም ስኳራቸው በድንገት እየወረደ ሕይወታቸውን አደጋ ላይ ይጥል የነበረ ናቸው። በጥናቱ ከገቡት 14 ሰዎች መካከል ሁለቱ ሞተዋል። አንደኛው የሞተው መከላከያ ኃይሉ የተዳከመን ሰው በሚያጠቃ የፈንገስ ማጅራት ገትር ነው። ሁለተኛው ደግሞ ቀድሞ የነበረበት የአእምሮ መዳከም ብሶበት ነው። ተመራማሪዎቹ ሞቱ ከተተከለው ሕዋስ የመጣ አለመሆኑን ገልጸዋል። የመጀመሪያው ሞት ግን መከላከያ ኃይልን የሚያዳክም መድኃኒት ምን ያህል ከባድ ዋጋ ሊያስከፍል እንደሚችል ያሳየናል። ቻይናዊቷም ወጣት ቀደም ሲል በተደረገላት የጉበት ተከላ ምክንያት ይህንኑ መድኃኒት ትወስድ ነበር።

አንደኛው ዓይነት ባለበት ሰው ላይ የራሱን ሕዋስ እንኳ ብንመልስለት፣ ቀድሞ ያጠፋው ዘበኛ ዳግም ሊነሣበት ይችላል። ስለዚህ የዛሬው ትልቅ ጥረት ሕዋሱን ከዘበኛው ዓይን መሰወር ነው። በ2024 በስዊድን ኡፕሳላ ከተማ ለአንድ ሰው በክንዱ ጡንቻ ውስጥ ዘረ መላቸው የተስተካከለ የሟች ለጋሽ ደሴት ሕዋሳት ተተክለውለት ነበር። ያለ ምንም አዳካሚ መድኃኒት ለ12 ሳምንታት ኢንሱሊን ሲያመነጩ መታየታቸው ታትሟል። የተሰጠው መጠን ትንሽ በመሆኑ ሰውየው መርፌውን አላቆመም። ቢሆንም በሩ ተከፍቷል።

ሐላል ነው ወይ?

ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) አላህ በሽታን ሲያወርድ መድኃኒቱንም እንዳወረደ አስተምረውናል፤ እንድንታከምም አዘውናል። መድኃኒት መፈለግ ራሱ ከእምነታችን ጋር አይጋጭም። የሚጠየቀው መንገዱ ነው፤ ሕዋሱ ከየት መጣ?

«ከተወረደ ፅንስ ይቀዳል» የሚለው ወሬ ብዙ ነገር አደባልቋል። ቶምሰን በ1998 የተጠቀመባቸው ሕዋሳት ከውርጃ የተገኙ አልነበሩም። መካን የሆኑ ባልና ሚስት ከማሕፀን ውጭ በሚደረግ ሕክምና ልጅ ሲፈልጉ የሚተርፍ፣ ማሕፀን ያልገባና የጥቂት ቀናት ዕድሜ ያለው ፅንስ ነው፤ ወላጆቹም ፈቅደው የሰጡት።

ይህን ጉዳይ በመካ የሚገኘው የራቢጣ የኢስላማዊ ፊቅህ ምክር ቤት በዲሴምበር 2003 ባደረገው 17ኛ ጉባኤው ተመልክቶታል። ምክር ቤቱ ግንድ ሕዋስን ለሕክምናና ለምርምር መጠቀም ምንጩ ሐላል እስከሆነ ድረስ እንደሚፈቀድ ወስኗል። ከተፈቀዱት ምንጮች መካከል ፈቃዳቸውን የሰጡ አዋቂዎች፣ የእንግዴ ልጅና የእትብት ደም፣ በራሱ ጊዜ የጨነገፈ ፅንስ፣ እንዲሁም ከላይ የጠቀስነው ከመካንነት ሕክምና ተርፎ ወላጆች ፈቅደው የሰጡት ፅንስ ይገኛሉ። የተከለከሉት ደግሞ ያለ ሕክምና ምክንያት ሆን ተብሎ የተወረደ ፅንስ፣ ባልና ሚስት ካልሆኑ ለጋሾች ዘርና እንቁላል ሆን ተብሎ የተሠራ ፅንስ፣ በክሎኒንግ የተገኘም ናቸው። በዚያው በ2003 በኢራን ቴህራን የሚገኘው ሮያን ተቋም የራሱን የሰው ግንድ ሕዋስ ማሳደጉም ሙስሊሞች በዚህ ምርምር ውስጥ እንዳሉበት ያስታውሰናል።

አሁን ወደ አሳማው ኢንሱሊን ታሪክ እንመለስ። በ2006 የጃፓኑ ሺንያ ያማናካ አራት ዘረ መሎችን በመጨመር ተራ የአይጥ የቆዳ ሕዋስን ወደ ግንድ ሕዋስነት መመለስ እንደሚቻል አሳዩ። በ2007 በሰው ሕዋስ ተደገመ። በ2012 ከእንግሊዛዊው ጆን ጉርደን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በዚህ መንገድ ፅንስ ጨርሶ አይነካም፤ የቻይናዋ ወጣት ሕዋስም የተገኘው ከራሷ አካል ነው። ያኔ ባክቴሪያው የአሳማን ጭንቀት እንዳስወገደ ሁሉ፣ ይህም የፅንስን ጭንቀት የሚያቀል መንገድ ነው። ከዕውቀት የመጣን ጭንቀት ብዙ ጊዜ የሚፈታው ሌላ ዕውቀት ነው።

ስለዚህ «ስቴም ሴል ሐራም ነው» ብሎ በጅምላ መዝጋት ትክክል አይሆንም። «ሁሉም ሐላል ነው» ማለትም እንዲሁ። በየሕክምናው ምንጩ ይጠየቃል፤ ብይኑም ከዑለማእ ይጠየቃል። ወላሁ አዕለም።

እስከዚያው ምን እናድርግ?

እህታችን ያልጠየቀችው፣ እኛ ግን ከሁሉ በላይ አስፈላጊ ነው የምንለው ይህ ነው።

አንደኛ፣ ኢንሱሊን ለአንድ ቀንም አይቋረጥ። አንደኛው ዓይነት ያለበት ልጅ ኢንሱሊን ሲያጣ ሰውነቱ ስብ እያቃጠለ ደሙ በአሲድ ይመረዛል። ማስመለስ፣ ሆድ ቁርጠት፣ ፈጣንና ጥልቅ ትንፋሽ፣ የፍራፍሬ የሚመስል የአፍ ሽታ ምልክቶቹ ናቸው። ያኔ ለነገ ሳይሉ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው። ልጁ ታሞ ምግብ እንቢ ቢል እንኳ መጠኑን ሐኪም ይወስን እንጂ መርፌው አይቅር። ዱዓ፣ ሩቅያና ጥቁር አዝሙድ የሚወዱ ቤተሰቦችም እነዚህን ከመርፌው ጋር ያድርጉ፤ በመርፌው ፋንታ አያድርጉ።

ሁለተኛ፣ ስኳሩ ሲወርድ ፈጥነን እንወቅ። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት ሲታይ ስኳር የበዛበት ሻይ ወይም በውሃ የተበጠበጠ ስኳር መስጠት ነው። ራሱን ለሳተ ግን በአፍ ምንም አይሰጥም።

ሦስተኛ፣ መድኃኒቱን ከሙቀት መጠበቅ ነው። ማቀዝቀዣ ለሌለው ቤት እህታችን የምትጠቀምበት የሸክላ ማሰሮ መልካም ዘዴ ነው፤ ውሃው ሲተን ማሰሮውን ያቀዘቅዘዋል። ማቀዝቀዣ ያለው ደግሞ ኢንሱሊኑ በረዶ እንዳይሆን ይጠንቀቅ።

አራተኛ፣ በየአገሩ «በስቴም ሴል የስኳር በሽታ እናድናለን» እያሉ ገንዘብ የሚሰበስቡ ክሊኒኮች አሉ። ቤት ሸጦ፣ ከዘመድ ተበድሮ ከመሄድ በፊት አራት ነገር ይጠየቅ፦ ሕዋሱ ከየት መጣ? በየትኛው የአገሩ መንግሥት የመድኃኒት ባለሥልጣን ተፈቀደ? ውጤቱ የት ታተመ? ስንት ሰው ከአንድ ዓመት በኋላ ያለ መርፌ ኖረ? በደንቡ የሚካሄድ ምርምር አብዛኛውን ጊዜ ከሕመምተኛው ገንዘብ አይቀበልም። መልስ የሌለው ክሊኒክ ተስፋን ይነግዳል።

አምስተኛ፣ ለወጣቶቻችን የምንለው አለን። ደሴቶቹን መጀመሪያ ያያቸው ተማሪ ነበር። ኢንሱሊንን ካገኙት አንዱም ተማሪ ነበር። ባዮሎጂና ኬሚስትሪ የምታጠኑ እህትና ወንድሞች ሆይ፣ የመማሪያ መጽሐፋችሁን ስትገልጡ የዚህን ልጅ ክንድ አስታውሱ።

ማጠቃለያ

እናትየዋን ስንሸኝ ልጁ አንድ ጥያቄ ጠየቀን። «እኔ ስንት ዓመት ሲሆነኝ ይመጣል?» አለ። ዓመት ቆርጠን መናገር አልቻልንም፤ የማናውቀውን ተስፋ መስጠትም ፈራን። የነገርነው ይህን ብቻ ነው፦ መድኃኒቱ የመጣ ቀን ዓይኑ የሚያይ፣ ኩላሊቱ የሚሠራ፣ እግሩ የሚራመድ ሆኖ እንዲያገኘው የዛሬውን መርፌ ዛሬ ይወጋ። ልጁ እናቱን ቀና ብሎ አየና ክንዱን ዘረጋ።

አላህ (ሱ.ወ) ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ያውርድ፤ ለሚያስታምሙት ሶብር ይስጥ፤ ለሚመራመሩትም ጠቃሚውን ዕውቀት ይክፈትላቸው። አሚን።